ደወሉ እስኪደወል

ሰረገላው ከድልድዩ ወዲያ ገና አቧራ እያስነሳ ሳለ አከራይዋ ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ደረጃውን ቁልቁል ሮጠች። ሩጫ ለእሷ ዕድሜና ለእሷ ወገብ የሚሆን ነገር አልነበረም። ግን ያ እንግዳ ከሰረገላው ሲወርድ ሌላ ሰው ቀድሞ አግኝቶ «ማንን ብለው ነው የመጡት?» ካለው ነገሩ ሁሉ አበቃለት። እየሮጠች የምትለውን ታጠናለች፤ «ልጅዎ ደህና ነው። ፈተና ላይ ነው። እስከ ማታ አይወጣም። እስከዚያ ከተማውን እንዳሳይዎት አደራ ብሎኛል።» ከዚህ ሁሉ እውነቱ የመጨረሻው ብቻ ነበር።

ተማሪዎቹ «እማማ ደወል» ይሏታል። ስሙ ያለ ነገር አልወጣላትም። የላይኛውን ፎቅ ለተማሪ ማከራየት ከጀመረች ወዲህ እሳት የምታነደው በዩኒቨርሲቲው ግንብ ደወል፣ በር የምትዘጋው በደወል፣ አምሽቶ የሚገባ ተከራይ የምትቆጣውም በደወል ነው። ቤቷ የግድግዳ ሰዓት አለ፤ እሷ ግን አታምነውም። «ሰዓት ባለቤቱ እንደሞላው ነው የሚሄደው። ደወል ግን ዘመድ የለውም» ትላለች።

የዚያ ቀን ጭንቀቷም ደወል ነበር። ተከራይዋ፣ ያ ሳቂታ ልጅ፣ እህል ገበያው መሀል ሳጥን ላይ ወጥቶ አገረ ገዥው በድሃ እህል ላይ የጣሉትን ቀረጥ በስሙ ጠርቶ «ዝርፊያ ነው» አለ። አገረ ገዥው ደግሞ እንዲህ ያለ አፍ የሚዘጋው በገመድ ነው የሚሉ ሰው ናቸው። መስቀያውም ከወታደሮቹ ሰፈር በር ላይ ቆሟል። ልጁን እስካሁን ያተረፈው ትከሻው ላይ ያለው የተማሪ ካባ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲውን የተከሉት የድሮ ንጉሥ፣ «ካባው እንደተሰፋ ያለ ተማሪ በወታደር እጅ አይያዝም» ብለው ቃል ሰጥተዋል፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ሹም ሁሉ ያን ቃል ደፍሮ አልሻረውም። የትምህርቱ ዘመን ደግሞ የሚዘጋው ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። የማታው ደወል ከተደወለ ተማሪ ሁሉ በካባው ወደ አገሩ ይሸኛል፤ በመንገድም የሚነካው የለም። ከዚያ በፊት ለአገረ ገዥው መቶ አለቃ አሳልፎ ለመስጠት ካባው መተርተር አለበት። በመቀስ አይቆረጥም፣ በጉልበት አይቀደድም። በእጅ የተሰፋ በእጅ ይፈታል፣ የሚፈታውም ሙያው ያለው ልብስ ሰፊ ነው።

መምህራኑ ፈርተው «ይተርተር» ብለው ፈርመዋል። የጠፋው ሰፊ ነበር። ከሰሞኑ የከተማው ሰፊዎች ሁሉ ምን እንደነካቸው አይታወቅም። አንዱ እጁን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ «ተሰበርኩ» አለ። አንዱ አክስቱን ሊቀብር ሄደ፤ ያቺን አክስት ከዚህ በፊትም ሁለቴ ቀብሯታል። ሽማግሌው ሰፊ ደግሞ ዓይኔ ጠፋ ብሎ ደጁ ላይ ተቀመጠ፣ ዝንብ ሲመታ ግን አንድም አይስትም። መቶ አለቃው ተናዶ ከጎረቤት ከተማ ሰፊ እንዲያመጡ ፈረሰኛ ሰደደ። ፈረሰኛው ከደወሉ በፊት ይድረስ አይድረስ፣ የልጁ ነፍስ በዚያ ላይ ተንጠልጥላለች።

በዚህ ቀን ነው እንግዲህ የልጁ አባት ከተማ ሊያይ የመጣው። ሙያው ልብስ ሰፊ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ።

ልጁ በታሰረበት የዩኒቨርሲቲው ማረፊያ ቤት መስኮት ስር ሆና ነበር አደራውን የተቀበለችው። «እማማ፣ ደወሉ እስኪደወል ያዙልኝ» ብሏታል። «እንዳይሰማ። ከሰማ ሊቀ መምህሩ እግር ላይ ሊወድቅ ይሮጣል። ከመጣ ደግሞ ሙያውን ሳይናገር አይወጣም። አባቴን አያውቁትም።»

አላወቀችውም ነበር፤ ከሰረገላው ሲወርድ ግን ወዲያው ለየችው። ዕድሜ ልኩን ጨርቅ ላይ በማጎንበስ አንገቱ ወደ ግራ ያዘነበለ ቀጭን ሰው ነው። የሰደርያው ደረት በመርፌ ተሞልቷል።

«ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለች ትንፋሿ ሳይመለስ። «እነዚህን መርፌዎች ግን ወደ ኪስ ያድርጓቸው። ዛሬ ከተማው ግፊያ ነው፣ ሰው ይወጋሉ።»

«እውነትዎን ነው» ብሎ አንድ በአንድ ነቅሎ በጨርቅ ጠቀለላቸው። «አንዷን ግን እተዋታለሁ። ያለ እሷ ራቁቴን የቆምኩ ይመስለኛል።» ያችን አንዷን ክር እንደያዘች ከኮሌታው ስር ሸጎጣት። አከራይዋም አንዲት መርፌ ምን ታመጣለች ብላ ተወችው።

ከተማዋ ያን ቀን እንግዳ ልታስደስት የተሰለፈች ትመስል ነበር። ክረምቱ አልፎ ወንዙ ጠርቷል። በዳርና ዳር ያሉት ዛፎች ነጭ አበባ ለብሰው፣ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር አበባው ሣሩ ላይ በተጋደሙት ተማሪዎች ላይ ይረግፋል። ጀልባ የሚቀዝፉት ይሳሳቃሉ፣ ይረጫጫሉ። በአሮጌው በር ቅስት ስር ወፎች ጎጆ እየሠሩ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አከራይዋ በሆዷ ከተማዋን ረገመቻት፤ ቢያንስ ዛሬ እንኳ ብትደምን ምን ነበረበት።

ሰውየው ግን እንደ ሕፃን ሆነ። ድልድዩ ላይ ቆሞ ድንጋዩን ደባበሰ። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በሚወጣው ደረጃ ላይ መሀል መሀሉ እንደ ሳህን የጎደጎደውን ድንጋይ አይቶ፣ «ይሄ ሁሉ በእግር ነው የተበላው?» አላት።

«በእግር ብቻ።»

«የልጄም እግር አለበት ማለት ነዋ።» ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ደረጃ ጎድጓዳው ላይ ብቻ እየረገጠ ወጣ። 

ውስጥ ገብቶ ትልልቆቹ መጻሕፍት ከመደርደሪያው ጋር በሰንሰለት መታሰራቸውን ሲያይ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «እነዚህ ደግሞ ምን አጠፉ?» አለ።

«ብዙ ተናግረው ይሆናላ» አለችና ወዲያው ምላሷን ነከሰች። እሱ ሳቀ። ያለ ጥርጥር ነበር የሚስቀው፣ እሷን የጎዳትም ይኸው ነው። የሚያልፉት ተማሪዎች እሷን አይተው፣ ከአጠገቧ ያለውን ሰው አይተው፣ ቶሎ ፊታቸውን ያዞራሉ። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ያላወቀ እሱ ብቻ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ።

የሰፊዎች መንደር ጋ ሲደርሱ ሱቆቹ በሙሉ ተዘግተዋል። «ምነው፣ በዓል ነው?» አለ።

«እ... ለነሱ በዓል ነው።»

«ለእኛ ሙያ በዓል የሚያከብር ከተማ አለ ለካ» ብሎ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። ከዚያ ስለ ልጁ ካባ ያወራላት ጀመር፤ ጨርቁን እንዴት እንደመረጠ፣ የክረምት ብርድ እንዳይገባው እያንዳንዱን ስፌት እንዴት ሁለቴ እንደሄደበት። «ጎረቤቶቼ ስቀውብኛል። ለተማሪ ነው ወይስ ለተራራ ነው የምትሰፋው ብለውኛል። እኔ ግን በእጄ ላይ ያለው ይኸው ነው እሜቴ፣ መጽሐፍ አልገዛለት፣ መጽሐፍ አላነብለት። ይህቺን ማጥበቅ ነው የምችለው።»

 «ወደ አትክልት ቦታው እንሂድ። ዛሬ ያላበበ የለም» አለችው።

እዚያ በጥላ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ውሃ ጠማኝ ሲላት ከፏፏቴው ልትቀዳለት ሄደች። ለዚያች ለጥቂት ጊዜ ነበር የተለየችው። ለዚያውም ከሩቅ ታየዋለች፤ መሀል ላይ ግን ቁጥቋጦ ጋረዳት።

ስትመለስ ውሃው ከእጇ ሊያመልጣት ደረሰ። ከጎኑ ባለ በትሩ ተቀምጧል። ባለ በትሩ በዩኒቨርሲቲው ሥነ ሥርዓት ሁሉ የብር በትር ተሸክሞ ከሊቀ መምህሩ ፊት የሚሄደው ወፍራሙ ሰውዬ ነው። አሁን ግን በሸሚዝ ነው። ያ ቀይ መጎናጸፊያው ልብስ ሰፊው ጉልበት ላይ ተዘርግቷል፤ ሰፊው ከኮሌታው ያወጣት መርፌ ብብቱ ስር ትመላለሳለች፣ ደግሞም ይዘምራል።

«አላስችል አለኝ እሜቴ» አላት ቀና ሳይል። «ይህን የመሰለ ልብስ ብብቱ ስር አፉን ከፍቶ ሲሄድ እንዴት ዝም ብዬ ላየው?»

«ከሰሞኑ የሚሰፋልኝ አጥቼ ነው» አለ ባለ በትሩ። ዓይኑ ግን ከሰውየው ጣቶች ላይ አልተነሳም። «እጅዎ ግሩም ነው። ወዴት ነበሩ እስከዛሬ? ሊቀ መምህሩ እንደርስዎ ያለ ሰው በጧፍ ሲያፈላልጉ ነው የከረሙት። በታላቁ አዳራሽ፣ በክብር የሚሠራ ሥራ አለ።»

ሰውየው ወደ አከራይዋ ዞረ። ፊቱ በርቶ ነበር። «ሰሙ? በአዳራሹ። ልጄ ከፈተናው ሲወጣ እኔን ከአዳራሹ ስወጣ ያየኛል።»

ባለ በትሩ መጎናጸፊያውን ለብሶ ቀድሞ ተነሳ። ከአጥሩ በር ላይ ሁለት ወታደሮችን በዓይኑ ጠራቸው፣ እነሱም ከኋላ ተከተሉ። ሸሽቶ ማምለጥ እዚያው ላይ አከተመ። አከራይዋ የሰውየውን ክንድ ይዛ እርምጃውን አዘገየችውና አበባው በሚረግፍበት በዚያ የዛፍ መንገድ ላይ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ነገረችው። ገበያውን፣ ገመዱን፣ ካባውን፣ ፈረሰኛውን፣ ደወሉን።

አልጮኸም። የሚራመደው እግሩ ብቻ ነበር፤ ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሁሉ የት እንደገባ አይታወቅም። ብዙ ከሄዱ በኋላ «ሳቅሁ» አለ። «ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ።»

«እምቢ ይበሉ። ቢደበድቡዎትም እምቢ ይበሉ።»

«ፈረሰኛው የሄደበት ከተማ ሩቅ ነው?»

«ሩቅ አይደለም።»

«እንግዲያው እኔ እምቢ ብል ያኛው ይመጣል። ያኛው ደግሞ ማንን አይቶ ይዘገያል?» ትንሽ አሰበ። «በእኛ ሙያ የተጀመረ ሥራ ከሰው እጅ አይነጠቅም። የትም አገር ሕጉ ይኸው ነው። ከያዝኩት የእኔ ነው። ፀሐይዋ ምን ያህል ቀራት?»

አከራይዋ ሰማዩን አየች። «ካላቻኮሉዎት፣ አንድ ካባ ለመፍታት ከሚበቃው ትንሽ ያልፋል።»

«ሁለቴ ነው የሄድኩበት» አለ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ተመለሰ። «አባቱ መሆኔን እንዳያውቁ። ካወቁ ያስወጡኛል።»

አዳራሹ ረጅም ነው፤ ከፍ ያሉት መስኮቶቹ ወደ ምዕራብ ያያሉ። ሊቀ መምህሩ ካባቸውን ለብሰው ከመድረኩ ተቀምጠዋል። ጥሩ ሰው ናቸው ይባላሉ፣ ጥሩነታቸው ግን ያን ቀን ከወንበሩ አላስነሳቸውም። መቶ አለቃው ጎራዴውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከጎናቸው አለ። ልጁ በሁለት የዩኒቨርሲቲው ዘቦች መሀል በሸሚዝ ቆሟል፤ ካባው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አባቱ ሲገባ ልጁ ቀና አለ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይህቺ ማናት?» አለ መቶ አለቃው።

«እህቴ ናት፣ ጨርቅ ትይዝልኛለች። ዓይኔ ደክሟል» አለ ሰፊው። ሊቀ መምህሩ አዳራሹን የምታጸዳላቸውን ሴት ያውቋታል፤ እንዳላወቁ ሆኑ።

እጁን መታጠብ አለብኝ ብሎ ታጠበ። ጠረጴዛው ከብርሃን ራቀ ብሎ ወደ መስኮቱ አስጠጋ። መተርተሪያው ደነዘ ብሎ ድንጋይ አስመጥቶ ሳለው። ሊቀ መምህሩን «ጌታዬ፣ የተጀመረ ሥራ የጀማሪው ነው፣ ሌላ እጅ እንዳይገባበት» አላቸው። እሳቸውም «ሕጉም አንድ እጅ ነው የሚለው» አሉ። ድምፃቸው ላይ አንድ የሚለምን ነገር ነበረበት፣ አከራይዋ ሰማችው። በዚህ መሀል ፈረሰኛው ከጎረቤት ከተማ አንድ ሰፊ አፈናጦ ደረሰ። የመጣውም ሰፊ ሥራው በሌላ እጅ መሆኑን አይቶ፣ እንደሙያው ሕግ በሩ ላይ ቆመ። አከራይዋ ያን ሰዓት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ ያደረገችው።

ሥራው ተጀመረ። አንዷን ስፌት ያነሳታል፣ ያያታል፣ ክሯን ይስባል፣ ጠረጴዛው ዳር ያስተኛታል። እንደገና ሌላ። ግራ እጅጌ ወጣ። ከተማው ውጭ ይዘፍናል።

«ቶሎ በል እንጂ ሰውዬ» አለ መቶ አለቃው።

«ጌታዬ፣ ይሄን የሰፋው ሰው ነው ያጠፋው። ሁለቴ ሄዶበታል።» ወደ ልጁ ዞረ። «ልጅ፣ የማን እጅ ነው ይሄ?»

«የአባቴ» አለ ልጁ።

«ሞኝ ሰው ነው።»

«አይደለም» አለ ልጁ። «በርዶኝ አያውቅም።»

ሰፊው ቶሎ ብሎ አጎነበሰ። መተርተሪያው ለጥቂት ጊዜ የሚገባበትን አጥቶ ጨርቁ ላይ ተንከራተተ። አከራይዋ የያዘችውን ጫፍ ወጠር አድርጋ ስፌቱን አሳየችው።

ቀኙ እጅጌ ወጣ። ጎንና ጎኑ ተፈታ። ብርሃኑ ከወለሉ ተነስቶ ግድግዳውን ወጣ። ይህን አዳራሽ ስታጸዳ ስለኖረች ታውቀዋለች፤ ብርሃኑ የጣራውን አግዳሚ ሲነካ ደወሉ ይደወላል። ግንቡ ላይ ያለው ደዋይ የሚያየውም ያችኑ ፀሐይ ነው። ብርሃኑ አግዳሚውን ነካ። ካባው ላይ የቀረው የአንገቱ ስፌት ብቻ ነበር፤ እሱም ሙሉ ነው። 

ብርሃኑ አግዳሚውን አልፎ ጠፋ። ወፎቹ ጎጇቸው ገቡ። መስኮቱ ግራጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ሆነ። ደወል የለም። ሰፊው መተርተሪያውን አስቀምጦ እሷን አያት። እሷ ሊቀ መምህሩን አየች። እሳቸው ጣታቸው ላይ ያለውን ቀለበት ያዩ ነበር።

«ጌታዬ» አለች። «ደወሉስ?»

የመለሰላት መቶ አለቃው ነው፤ በቁጣም አልነበረም። «የደወሉ ገመድ ላይ ሁለት ሰዎቼ ተቀምጠዋል። እዚህ ሥራው ሲያልቅ ይደወላል። ደወሉ ካልተደወለ ቀኑ አላለቀም፤ የእናንተው ሕግ ነው። አንድም ሕግ አልጣስንም።» ወደ ባለ በትሩ ዞሮ «መብራት አምጣ» አለ።

መብራቱ መጣ። ሰፊው እጆቹን ጭኑ ላይ አጣምሮ ተቀመጠ። «እኔ አልነካውም» አለ። «አልችልም።»

«አንተ ነህ የጀመርከው። የጀማሪው ነው ያልከውም አንተ ነህ» አለ መቶ አለቃው። «እንቀመጣለን። ነገም ቢሆን ዛሬ ነው። ዘቦቹ ግን እየተናደዱ ነው፣ ንዴታቸውን ደግሞ ልጁ ላይ ነው የሚያወጡት።»

ተቀመጡ። ከወንዙ በኩል የተማሪዎቹ ድምፅ ይሰማል፤ ደወሉ ምን ነካው እያሉ ይጠያየቃሉ፣ አንዱ ደዋዩ ሰክሮ ነው ብሎ ያስቃቸዋል። አንዱ ዘብ ልጁን ጀርባውን በጠመንጃ ሰደፍ አለው። ልጁ በጉልበቱ ወርዶ ተመልሶ ቆመ። ዘቡ እንደገና ሰደፉን አነሳ።

«አባባ» አለ ልጁ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፣ የሚደበቅ ነገር ስላልቀረ። «በቃ፣ ጨርሰው። በዚህ መብራት ዓይንህን ታጠፋለህ።»

መቶ አለቃው ከልጁ ወደ ሰፊው፣ ከሰፊው ወደ ልጁ አየ። ሊቀ መምህሩ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። 

ሰፊው መተርተሪያውን አነሳ። አከራይዋ የካባውን አንገት ያዘችለት። አሁን አልዘገየም፤ የልጁን ጀርባ እያሰበ ነበር የሚሠራው። የመጨረሻዋ ክር እንዳለች ሳትበጠስ ወጣች። መቶ አለቃው ለበሩ ምልክት ሰጠ። ልጁን ሲወስዱት በአባቱ አጠገብ አሳልፈውት ነበር፣ አባቱም ተነስቶ በሁለት እጁ የሸሚዙን ኮሌታ አቃናለት፣ ሌላ ለማድረግ ጊዜ አልሰጡትም።

ከዚያ ደወሉ ተደወለ። ከተማው በአንድ ድምፅ ፈነደቀ። ጀልባዎቹ ላይ መብራት በራ፣ ቆብ ወደ ሰማይ ተወረወረ፣ ትምህርት ተዘጋ ተባለ። አከራይዋ ሁለት እጆቿን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እስኪያልቅ ጠበቀች።

እጆቿን ስታነሳ ሰውየው ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል። ጀርባውን ከታች፣ ሁለቱን የፊት ክፍል ከላይ፣ እጅጌዎቹን አጥፎ በላያቸው፣ ገበሩን ለብቻ አድርጎ ይደራርባል። አንዱን ቁራጭ ወደ መብራቱ አቅርቦ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ፈተሸ፣ ሌላውንም እንዲሁ።

«አንድም ቦታ አልቀደድኩትም» አላት። «ይዩት። ተመልሶ ይሰፋል።»

እሷም «አዎ፣ ይሰፋል» አለችው። እጅጌዎቹን ተሸክማለት ወጡ።